ልጆችን በቤት ማስተማር፤ ማንን ከየትኛው ክፍል እንጀምር?

እንደሚታወቀው በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ ከፊሎቹም ለዓመትና ከዚያ በላይ ተዘግተው ቆይተዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደነበሩ በወቅቱ ተገልጿል። ይህ ቁጥር ሲነገር ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የገጠሩ ልጅ ነው። ይሁንና በሸሕዲ፣ በኮኪት ወይም በመተማ ዮሐንስ ተመድቦ የሚሠራው የባንክ ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የጉምሩክ ባለሙያውና የሰሊጥ ነጋዴውም ልጆች አሏቸው። እንዲህ ያሉ ወላጆች የተማሩ ናቸውና “ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቤት እናስተምራቸው” የሚለው ሐሳብ ሲመጣላቸው “እንችላለን ወይ?” ብለው ብዙ አይጨነቁም። የሚቸግራቸው “ማንን ከየትኛው ክፍል እንጀምር?” የሚለው ነው።

ጥያቄው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልጁ 4ኛ ክፍል ላይ ካቆመ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ መግዛት ነው። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደዚያ አይደለም፤ በተለይ በቤቱ ውስጥ ያሉት ልጆች ሦስትና አራት ሲሆኑ፣ ወላጅም ቀን ቀን ሥራ ላይ ሲውል።

ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከጎንደር ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ ችግሩ እዚያ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የገባው ሱዳናዊ ስደተኛ ብቻ አልነበረም። ለዓመታት ሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከነልጆቻቸው ተመልሰዋል። ከእነዚህ ልጆች መካከል በዐረብኛ ሲማሩ የቆዩ፣ ሒሳብ የሚያውቁ፣ የአማርኛ ፊደል ግን ፈጽሞ ያልቆጠሩ አሉ። የመጡትም ዘመድ ቤት ነው።

ነገሩን ለማየት እንዲመች አንድ ቤት እናስብ። እናት ባንክ ትሠራለች፣ አባት የሰሊጥ ንግድ ላይ ነው። ትልቋ ልጅ 12 ዓመቷ ሲሆን ትምህርት ቤቱ የተዘጋው 4ኛ ክፍልን እንደጨረሰች ነው። ወንድሟ 9 ዓመቱ ነው፣ 1ኛ ክፍልን ብቻ ተምሯል። ትንሹ 7 ዓመት ሞልቶታል፣ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። አራተኛው ከገዳሪፍ የተመለሰው የአክስታቸው ልጅ ነው። 11 ዓመቱ ሲሆን እዚያ እስከ 3ኛ ክፍል ተምሯል። ትምህርት ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኗል እንበል። በዕድሜ ከሄድን ልጅቷ 6ኛ፣ የአክስቷ ልጅ 5ኛ፣ ወንድሟ 3ኛ፣ ትንሹ 1ኛ ክፍል መሆን ነበረባቸው። እናት አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ሰባት ትምህርት፣ ለአንዱ ትምህርት በቀን 20 ደቂቃ ብትመድብ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ባንክ የምትሠራ ሴት ይህን ጊዜ ከየት ታመጣለች? አንዳንድ ቤተሰብ በጥሩ ሐሳብ ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት የሚተወው ልጆቹ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን ከመነሻው ሒሳቡ የማይሆን ስለነበረ ነው።

የክፍል ቁጥር ብዙ አይናገርም

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር “4ኛ ክፍል ነው” ማለት “4ኛ ክፍልን ያውቃል” ማለት አለመሆኑ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ያለመውደቅ እንዲያልፉ ሲደረግ ቆይቷል። ኮሮና በመጣ ጊዜ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ብሔራዊና ክልላዊ ፈተና ከሚወስዱት በስተቀር አብዛኞቹ ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውረዋል። የዚህ ሁሉ ድምር መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ የ12ኛ ክፍል ውጤት አሳይቶናል። የ2014 ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እነዚህ ወጣቶች ሁሉ በካርዳቸው ላይ 11ኛ ክፍልን “አልፏል” የተባሉ ናቸው።

ስለዚህ ወላጅ ካርድ አይቶ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ልጁን መስማት ይኖርበታል። መስማት ያልነው በምክንያት ነው፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ደረጃ ያላቸውን ልጆች በአንድ ሰውና በአንድ ጥላ ሥር ለማስተማር ከሁሉም በላይ የኖረ ልምድ ያለው የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚሠራውም በመስማት ነው። የኔታ ዘንድ 1ኛ ክፍል፣ 2ኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሌላው ፊደለ ሐዋርያ ያነባል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳዊት ይደግማል። ንባቡ ራሱ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም እየተባለ ደረጃ አለው። የኔታ አንድ በአንድ እያስጠሩ ይሰማሉ። ልጁ ከቻለ ያልፋል፣ ካልቻለ እዚያው ይቆያል። የ12 ዓመት ልጅ ከ6 ዓመት ሕፃን ጎን ተቀምጦ ፊደል ቢቆጥር ብርቅ አይደለም። ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል። በዚህ ትምህርት ቤት ላይ የሚነሳው ትችት ብዙ ነው፣ ከፊሉም ትክክል ነው። ልጅን በሚችለው ቦታ ማስቀመጥን ግን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የተሻለ ያውቅበታል።

በነገራችን ላይ የዚህ ተቃራኒ ምን እንደሚመስል ፕላዝማን ያየ ሰው አይዘነጋውም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ቴሌቪዥን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እያወረደ ያልፋል። ተማሪው ገባው አልገባው አያይም፣ አይጠብቅም። ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅም የልጁን ደረጃ ሳይለይ መጽሐፉን ከገጽ 1 ጀምሮ የሚያስኬድ ከሆነ ከዚያ ቴሌቪዥን አይለይም።

የሩብ ሰዓት ፈተና

በዓለም ላይ በዚሁ መንገድ ስሙ የገነነው ፕራትሃም የተባለው የሕንድ ድርጅት ነው። ልጆችን ለቀኑ የተወሰነ ሰዓት ከክፍላቸው አውጥቶ በሚችሉት ደረጃ መድቦ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ የዚህን ድርጅት ሥራ ለዓመታት አጥንተው ልጆች ማንበብና ማስላት ላይ ጥሩ ለውጥ እንደሚያሳዩ አረጋግጠዋል። ደረጃን ለመለየት የሚጠቀሙበት የንባብ ፈተና አንድ ገጽ የማይሞላ ነው። ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ታሪክ። ልጁ ያለ ችግር ያነበበው የመጨረሻው ነገር ደረጃው ነው።

ይህንን ወደ አማርኛ ማምጣት አያስቸግርም። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ፊደላችን በተርታ የተደረደረ በመሆኑ ልጅ “ሀ ሁ ሂ ሃ” እያለ 231ዱንም እንደ መዝሙር ሊወርድ ይችላል። እናት ሰምታ ትደሰታለች። ነገር ግን ከመሐል “ጊ” የሚለውን ነጥለው ቢያሳዩት ጣቱን ከ“ገ” አስነስቶ እየቆጠረ ይደርስበታል። ይህ ልጅ ገና አላነበበም። የጥንት ሊቃውንት ይህን ስላወቁት ነው “አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ” እያሉ ፊደሉን በአግድም የሚያፈርሰውን አቡጊዳን ያዘጋጁት። ስለዚህ ፈተናው ከተርታው በወጡ ፊደላት ይጀምራል። አሥር ያህል ፊደል በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ በመበወዝ ማስጠራት፤ ስምንቱን ካወቀ ወደ አምስት ቃላት መሄድ፤ ከዚያ ከ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ አንቀጽ፣ ከዚያ ከ4ኛው። አንቀጹን ከጨረሰ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ “ምን ይላል?” ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ጥርት አድርጎ አንብቦ ምንም ያልያዘ ልጅ ሞልቷል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ መልሱን ብቻ ሳይሆን የስህተቱን ዓይነት ማየት ይጠቅማል። 52 ሲቀነስ 38 ተብሎ 26 የሚል ልጅ ግድ የለሽ አይደለም። ከ8 ላይ 2ን፣ ከ5 ላይ 3ን ቀንሷል። መበደርን አልተማረም ማለት ነው። 14 ካለ ደግሞ ወደ ማባዛት፣ ወደ ማካፈል፣ ወደ ክፍልፋይ መቀጠል ነው። ሌላው መንገድ የየክፍሉን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ መልመጃ እያወጡ ልጁ ከአሥር ሰባቱን እስኪመልስ ድረስ ወደ ታች መውረድ ነው። ሰባት የመለሰበት ክፍል አልቋል፣ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ነው።

ፈተናው ለአንድ ልጅ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ወንድም እህት ባሉበት ግን አይደረግም። ለምን እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሱዳን የመጣው ልጅ ለብቻው ማሰብን ይጠይቃል። በሱዳን ትምህርት ቤቶች የሚጻፈው አኀዝ እኛ ከምንጠቀምበት ይለያል። የእነሱ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል፣ ዜሮአቸው ነጥብ ናት፣ ስሌቱም ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ስለዚህ 10 ተብሎ የተጻፈለትን “አሥራ አምስት” ብሎ ቢያነብ ሒሳብ አያውቅም ማለት አይደለም። ይህን ልጅ መጀመሪያ በቃል፣ በፍሬ ወይም በገንዘብ መፈተን ይገባል። ገበያ ተልኮ መልስ ይዞ የሚመጣ፣ የብርና የሱዳን ፓውንድን ምንዛሪ በልቡ የሚያሰላ ልጅ 1ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ቢቀመጥ በደል ነው። በአማርኛ ግን ከፊደል ይጀምራል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ልጅ አንድ ክፍል ሊኖረው እንደማይገባ ነው። በአማርኛ 1ኛ፣ በሒሳብ 4ኛ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ ይከብደዋል፣ ቤት ግን አይከብድም።

ምን ለየብቻ፣ ምን አብሮ

ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስና ልጆቹ ተፈተኑ እንበል። ትልቋ የ5ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ታነባለች፣ ሒሳብ ላይ ግን ማካፈል ላይ ተንጠልጥላለች። የአክስቷ ልጅ ፊደል የለውም፣ በሒሳብ ከእሷ እኩል ነው። ወንድሟ ፊደልን በዜማ እንጂ በዓይኑ አያውቅም፣ መደመር ይችላል። ትንሹ ጥቂት ፊደላት ያውቃል፣ እስከ 20 ይቆጥራል። አራቱ ልጆች በአማርኛ ሦስት ቡድን ሆኑ። ትልቋ ለብቻዋ፣ ወንድሟና ትንሹ አንድ ላይ አቡጊዳ፣ የአክስት ልጅ ለብቻው። በሒሳብም ሦስት። ትልቋና የአክስቷ ልጅ አብረው፣ ወንድሟ፣ ትንሹ። በድምሩ ስድስት ዙር ነው። አንዱ ዙር 15 ደቂቃ ቢወስድ 90 ደቂቃ። 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የነበረው ሥራ እዚህ ደረሰ።

ሌሎቹ ትምህርቶችስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሲሆን ከአማርኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ሌላ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ጥበባትና የሰውነት ማጎልመሻ አሉት። እነዚህን ለየክፍሉ ነጥሎ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ርዕሱ አንድ ሆኖ ጥያቄው በልጁ ልክ ይለያያል። ለምሳሌ መተማ ወባ ያለበት አገር ነው፣ ካላዛርም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ስለ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ጊዜ ይወራል። ትንሹ ትንኝን ይሥላል፣ ለምን አጎበር እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የ9 ዓመቱ የተኛ ውሃ ያለበትን ቦታ በሰፈሩ ቆጥሮ ይመጣል። ትልልቆቹ የትንኝን የዕድገት ደረጃ ይጽፋሉ፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ ለምን በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬት ውስጥ እንደምትሸሸግ ያብራራሉ። ሁሉም አንድ ትምህርት ተማሩ፣ እናትም አንድ ጊዜ ተዘጋጀች።

ይህን በውጭ አገር የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ከቆየ ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ ልጅን በቤት ማስተማር እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ልጆች የበዙበት ቤት ታሪክና ሳይንስን በጋራ፣ ንባብና ሒሳብን በተናጠል ማስኬድ እዚያ የተለመደ አሠራር ነው። የእኛ ወላጆች ከዚያ የሚወስዱት አሠራሩን ነው እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ዘመድ ከውጭ የሚልከው በቀለም ያሸበረቀ መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ ንባብ ቢረዳም ልጁ ተመልሶ የሚፈተነው በአገሩ ሥርዓተ ትምህርት ነው። አንዳንድ ወላጆች ለኩራት ሲሉ ልጃቸውን በውጭ መጽሐፍ ይዘው ይቆዩና ለ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቀርብ ይደነግጣሉ።

እንግሊዝኛን በሚመለከት ይህ ጸሐፊ ሰነፍ ምክር ነው ያለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ችላ አይባልም። ነገር ግን በአማርኛ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ላይ የእንግሊዝኛ ንባብ መጫን ሁለቱንም ያዘገያል። ለጊዜው በወሬና በዘፈን ይቆይ።

ጊዜው ከየት ይገኛል?

90 ደቂቃም ቢሆን ለሥራ ሰው ቀላል አይደለም። መተማ ቆላ ነው። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀትር በኋላ ልጅን ሒሳብ ላይ ማስቀመጥ ድካም ነው። ከባዱን ነገር፣ ማለትም ሦስቱን የሒሳብ ዙሮች፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ማድረጉ ይሻላል። ሦስቱ የንባብ ዙሮች ለማታ ይቀመጣሉ። መብራት ቢጠፋ በሻማም ይነበባል፣ ካልሆነም በቃል ተረት ይነገራል፣ ጥያቄ ይጠየቃል። አንዱ ከእናት ጋር ሲሆን ሌሎቹ ይጽፋሉ። ትልቋ የራሷን አንብባ በ5 ደቂቃ “ምን ይላል?” ብቻ የምትጠየቅ ስለሆነች የቀረውን 10 ደቂቃ ትንሹን ፊደል ማስጠራት ትችላለች። ከዚያ በላይ ግን ሸክም አይጣልባት። በብዙ ቤት ታላቅ እህት ሁለተኛ እናት ተደርጋ የራሷ ትምህርት ይቀራል።

ሌላው የሰሊጥ ወቅት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፣ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ላይ በዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ ሩጫ ላይ ነው። ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሚዛኑ፣ መጋዘኑ፣ ባንኩ ሁሉም ይጨናነቃል። አባት እርሻ ላይ ያድራል፣ እናት ባንክ ታመሻለች። የትምህርት ዘመን የሚጀምረውም ያኔ ነው። እንደ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ በሙሉ ኃይል እጀምራለሁ ያለ ቤተሰብ ጥቅምት ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ቤት ውስጥ የሚያስተምር ሰው የራሱን የቀን መቁጠሪያ ማውጣት ይችላል። በእነዚያ ሁለት ወራት አዲስ ትምህርት አይጀመርም፣ የማታ ንባብ ብቻ ይቀጥላል። ለልጆቹ ሒሳብ ደግሞ ኩንታልና ኪሎ፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያና የጆንያ ቆጠራ ሞልቷል። ኅዳር ላይ ሙሉው 90 ደቂቃ ይጀመራል።

መጽሐፍን በተመለከተ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በስልክ የሚነበብ ቅጂ ሆነው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ኔትወርክ ሲገኝ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን ሁሉ አውርዶ በስልኩና በፍላሽ ያስቀምጣል። ለየልጁ የሚያስፈልገው ግን ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው፣ እሱን ማሳተም ይቻላል። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም ያለውም ቢሆን የልጁን ደረጃ ለይቶ መንገር አለበት። አለዚያ አስጠኚው ብዙ ጊዜ የሚሠራው የቤት ሥራን ነው፣ የቤት ሥራ በሌለበት ደግሞ የሚይዘው ይጠፋዋል።

የታላቁ ክብር

እስካሁን ያልነው ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ቤት ውስጥ የሚያፈርሰው ግን አንድ ነገር ነው። የ11 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመቱ ጋር አንድ ፊደል ሲጠራ ትንሹ ቀድሞ ይመልሳል፣ ይስቃል። ትልቁ ከዚያ ቀን በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ውሃ ሊቀዳ ይሄዳል። በምሳሌያችን የአክስቱን ልጅ ለብቻው ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። የሕፃን መጽሐፍ አይሰጠውም። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዕቃ ዋጋ፣ የስልክ መልእክት፣ የሚወደው የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ይጻፍለታል። ሒሳብ ላይ የ9 ዓመቱን እንዲያሳየው ይደረጋል። ያኔ “ወንድም ጋሼ” መባሉ ትርጉም ይኖረዋል። የተወሰደበትን ታላቅነት በአንድ ትምህርት ካስመለሰ በሌላው ዝቅ ማለትን ይታገሣል።

ደግሞም ዝቅ ብሎ መጀመር እዚያ መቅረት አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረው “ስፒድ ስኩል” የተባለው ፕሮግራም ትምህርት ያቋረጡ ወይም ያልጀመሩ ልጆችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ገደማ አስጨርሶ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲመልስ ቆይቷል። የሚቻለው የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ አፉን የፈታ፣ ዓለምን ያየ ስለሆነ የ7 ዓመቱ በሦስት ዓመት የሚያገኘውን በፍጥነት ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ወላጅ በየሁለት ወሩ ያንኑ የሩብ ሰዓት ፈተና መድገም አለበት። ትልልቆቹ ቶሎ ቶሎ ደረጃ ይቀይራሉ። ኅዳር ላይ አብረው የነበሩት መጋቢት ላይ አብረው ላይሆኑ ይችላሉ፣ ቡድኑም ይፈርሳል። የአክስቱ ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ የ9 ዓመቱን አልፎት ቢሄድ ሊያስገርም አይገባም፤ ያኔ ደግሞ የሚጠበቀው የ9 ዓመቱ ክብር ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት

በአገራችን የቤት ትምህርት በራሱ ካርድ አያሰጥም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚወሰደው በትምህርት ቤት ተመዝግቦ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው የሚሠራ ትምህርት ቤት ካለ ልጁን አስመዝግቦ መያዝ፣ ከሌለም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት እየጠየቁ መቆየት ይበጃል። ደብተሮች ቀን እየተጻፈባቸው ይቀመጡ። በየሁለት ወሩ የተደረገው ፈተናም ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ትምህርት ቤት ሲከፈት “በዕድሜው ይግባ” ወይም “ካቆመበት ይቀጥል” ከሚለው ክርክር በፊት መምህሩ የሚያየው ነገር ይኖራል። ትምህርት ቤቱ ከልጁ ችሎታ በላይ በሆነ ክፍል ቢያስገባው ወላጅ ጥሎ ሊከራከር አይገባም፤ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ይዋል፣ የሒሳቡ ወይም የንባቡ የማታ ዙር ግን ካለበት ደረጃ ይቀጥል። ለ6ኛ ክፍል ፈተና የምትደርሰው ልጅ ማካፈልን ሳትጨርስ እንዳትቀመጥ የሚያደርጋትም ይኸው ነው።

ከሱዳን ለመጣው ልጅ ደግሞ በዐረብኛ የተጻፈ የትምህርት ማስረጃ ካለው ትርጉም ማሠራትና የአቻ ክፍል ጥያቄውን አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ማስረጃው በጦርነቱ የጠፋ ከሆነ ቤት ውስጥ የተደረገው ፈተናና ደብተሩ ብቸኛ መነሻው ስለሚሆኑ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ የእሱ በጥንቃቄ ይያዝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትሄዱም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው እዚያው መጽሐፍ ገልጦ ሊሰማው ይችላል።